ለአስተያየት የተተወ ቦታ

ታብሌቱን ሲሰጡኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የት እንደምደብቀው ነበር። በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ከሆዴ ላይ አስሬ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ እንደ ጨቅላ ሕፃን ተሸክሜው ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሆዴን አይተው «በሰላም ያገላግልሽ» አሉኝ። «አሜን» አልኩ። ምን እላለሁ?

ሥራው ስልክና ኢንተርኔት በየቤቱ መድረስ አለመድረሱን መለካት ነበር። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የቀረውን ከወንድሞቼ ደብተር፣ ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ፣ ሰው ሲያወራ ጆሮዬን ጥዬ በማዳመጥ ነው የለቀምኩት። ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች በዚያ ሰሞን ወደ ሞጣ ገጠር አንወጣም ስላሉ፣ «አንባቢ ናት፣ አገሩንም ታውቃለች፣ ከሰው ጋር መግባባት አያቅታትም» ተባለና እኔ ገባሁ።

ሥልጠናው ቢቸና ውስጥ አንድ አዳራሽ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ለስላሳ ሰው ነው፤ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይናገራል። «ቤተሰብ ማለት በአንድ ድስት የሚበላ ማለት ነው» አለን። «ከስድስት ወር በላይ ከቤት የራቀ ሰው አይቆጠርም። አይቆጠርም።»

ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች። «የምትልከው ብር ድስቱ ውስጥ ካለስ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀና «የሚቆጠረው ሰው ነው» አለ።

ቀጥሎ ስለ ኢንተርኔት ተናገረ። ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ አንድ ጊዜም ቢሆን የተጠቀመ ሰው «ተጠቃሚ» ተብሎ ይመዘገባል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እኔም በፋሲካ ሥጋ በልቻለሁ፤ ሥጋ በል ብለሽ መዝግቢኝ» አለችኝ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት አስፈረሙን። የተጠያቂ ስምም ሆነ ስልክ ቁጥር በግል ወረቀት ላይ ይዞ መውጣት ክልክል ነው ይላል። ያ ወረቀት በሕይወቴ የፈረምኩት የመጀመሪያው ስለነበር በጣም ነበር ያከበርኩት። ባላከብረው ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ሰኔ ነበር። የሞጣ አካባቢ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። አንዳንድ ቀን ድምፅ ብቻ ብቅ ይላል፤ ሄሎ፣ ሄሎ ብለው ሳይጨርሱ ይጠፋል። ኢንተርኔት የሚባለውን ከነጭራሹ የሚያነሳው የለም። እኔ ደግሞ በዚህ መሀል ኢንተርኔት ልለካ እሄዳለሁ። የሌለ ነገር ልለካ መሄዴን ሰው ሲጠይቀኝ «የለም ለማለትም መሄድ ያስፈልጋል» እል ነበር፤ አሠልጣኙ እንዲህ በሉ ስላለን።

ከሞጣ ከተማ ወጥቶ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ደረሰኝ። በሁለተኛው ቀን ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ናት፤ በትንሽ ሰፌድ ላይ ተቀምጣ ከመስኮቱ በላይ ተንጠልጥላለች። ኔትወርክ ሲመጣ መጀመሪያ በዚያ በኩል ነው አሉኝ። ሲያልፍ እንዳያመልጣቸው ነው መሰለኝ አልጋቸውንም ወደዚያው አዙረውታል።

በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ።

«በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል፣ እማማ?»

«ሁለት። እኔና ልጄ።»

«ልጅዎ የት ናት?»

«ዓረብ አገር።»

«ከሄደች ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ሦስት ዓመት ልትደፍን ነው።»

«እንግዲያ እሷ አትቆጠርም።»

«ማን ነው የማይቆጥራት?»

በአገጬ ወደ ታብሌቱ አመለከትኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። «እሱ ልጅ ወልዶ ያውቃል?» አሉ።

«አንድ» ብዬ ሞላሁ።

ጎረቤታቸው እንዝርቷን ይዛ መጥታ ከደጃፉ ተቀመጠች። ሰው ሲጠየቅ ማየት ትወዳለች። ሞጣ ከተማ የምትማር ልጅ አለቻት፤ ትልቅ ስልክ ያላት በዚያ ሠፈር እሷ ብቻ ናት።

«ባለፉት ሦስት ወራት ኢንተርኔት ተጠቅመዋል?» ብዬ ስጠይቅ ሁለቱም ተያዩ። ታሪኩን የሰማሁት ያኔ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ቀን፣ ሞጣ ከተማ ኔትወርክ በነበረ ጊዜ፣ የጎረቤቲቱ ልጅ እኚህን እናት ወስዳ ከልጃቸው ጋር በምስል አገናኝታቸው ነበር። ዓረብ አገር ያለችው ልጅ በሰው ቤት ነው የምትሠራው። ሲም ካርድ አሠሪዋ አትፈቅድላትም፤ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ፣ እመቤቲቱ ስትተኛ ነው የምትደውለው። ስለዚህ በመደበኛ ስልክ ቢደወልላት አይገባም። ያን ዕለት ልጅቱ አንድ ነገር ጠየቀች። ውሏ ሐምሌ ላይ ያልቃል። ልምጣ ወይስ ሁለት ዓመት ልጨምር? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ፣ ሐምሌ ሳይወጣ ንገሪኝ።

«እኔ ምን አልኳት? ላስብበት አልኳት» አሉ እናትየው። «ለመምጣት ልቧ ይሁን አይሁን ከፊቷ ላነብ እያየኋት ነበር። ከዚያ ተቋረጠ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተቋረጠ ነው።»

«አሁንስ አስበውበታል?»

ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና በግራው አዩኝ። «አንቺን እንደ ጥላ ነው የማይሽ» አሉ። «ጤና ጣቢያ ሁለቱም እየሄደ ነው አሉኝ። ሳይጨልም ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ። አሁን አስቤበታለሁ።»

ሦስቱ ወር ገና ስላልሞላ «አዎ» ብዬ ሞላሁ። ተጠቃሚ ሆኑ። ቀጥሎ ታብሌቱን ደጃፉ ላይ ቆሜ የኔትወርኩን መጠን መለካት ነበረብኝ፤ ምንም እንደሌለ ጻፈ። አንድ ገጽ ላይ ተጠቃሚ ናቸው፣ የሚቀጥለው ገጽ ላይ ምንም የላቸውም። ሁለቱም እንደ መመሪያው ትክክል ነው።

«ይቺ ዕቃሽ አዲስ አበባ ትደርሳለች?» አሉኝ እናትየው።

«እሷ ራሷ አትሄድም። ቢቸና ተመልሼ መስመር ያለበት ቢሮ ሳገናኛት የጻፍኩት ይደርሳል።»

«እንግዲያስ አንዲት ቃል ይዛልኝ ትሂድ።»

ታብሌቱ ከመጠይቁ ሌላ ምንም እንዳይሠራ ተቆልፏል። ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት የመጨረሻው ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከሁሉ በታች አንድ ሣጥን አለች፤ «ሌላ አስተያየት ካለ» ትላለች።

«አስተያየት ካለዎት የምጽፍበት ቦታ አለ» አልኳቸው።

«አስተያየትማ አለኝ» አሉ።

ቁጥሩን በግል ወረቀት መያዝ ክልክል ነው፤ ፈርሜያለሁ። ሣጥኗ ግን የመጠይቁ አካል ናት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ካየውና ልቡ ከራራ ይልክላቸዋል ብዬ አሰብኩ። እናትየው ከፌስታል ውስጥ የልጃቸው ቁጥር ያለበትን ወረቀት አወጡ። ቁጥሩን ከላይ ጻፍኩ። ከዚያ «ይበሉ» አልኳቸው።

እሳቸውም አሉ።

ደብዳቤ በእኛ አገር እንዴት እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። ከዚያ ሰላምታ ይመጣል፤ ሰላምታውም ተራ በተራ ነው። ከእናት፣ ከክርስትና እናት፣ ከንስሐ አባት፣ ከጎረቤት። ላሟ መውለዷ ይነገራል። ጊደር መሆኗም ይነገራል።

«የእኔስ?» አለች ጎረቤትየዋ ከደጃፉ። «ስትሄድ እንደዚያ ያለቀስኩት እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ እስከ መናኸሪያ ነው የሸኘሻት።»

«መናኸሪያም አልቅሻለሁ።»

እሷንም ጻፍኳት። ማልቀሷንም ጻፍኩ። እኔም ደግሞ ነገር ማሳመር አልችልም አልልም፤ እጄ አላርፍ አለኝ። «የተቀመጥሽበት በርጩማ፣ ውኃ የቀዳሽበት ምንጭ ሳይቀር ስምሽን ይጠይቃል» ብዬ ከራሴ ጨመርኩና አነበብኩላቸው። እናትየው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «እንዲህ ነው መጻፍ» አሉ። በጣም ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ የግድ መባል ያለበት ተባለ፦ «እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ በእኛ በኩል አንዳች ሐሳብ አይግባሽ።» ማን ሰው ከዚህ በፊት ክፉ ነገር ይናገራል? መርዶ እንኳ የሚነገረው ደህና ነን ከተባለ በኋላ ነው።

«አሁን ዋናውን ጻፊ» አሉኝ። «ዓይኔ እየፈዘዘ ነው። ሳይጨልም ፊትሽን ልይ። እንዳትፈርሚ። ነይ።»

ጻፍኩ። እኔ ስጽፍ ታች ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ እየፈለግኩ በአንድ ጣት ነው፤ ቀና ብዬ ሣጥኗን አላይም። እሷም ብትሆን ከሁለት መስመር በላይ አታሳይም።

«እስቲ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አሉ።

ወደ ላይ መመለስ ስላቃተኝ፣ ዓይኔን ታብሌቱ ላይ ተክዬ በቃሌ አልኩላቸው። አንዲት ቃል አልሳትኩም። «ነይ» ላይ ስደርስ ሁለቱም ሴቶች አብረውኝ «ነይ» አሉ። ከዚያ «ጨርስ» የሚለውን ነካሁ፤ ገጹ ተቆለፈ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሄደ። በሚቀጥሉት ቤቶች ሰው ጥያቄዬን ቶሎ ቶሎ እየመለሰ «ሣጥኗ መቼ ናት?» ይለኝ ጀመር። ለሌሎቹ ግን ቁጥር አልጻፍኩም። አንዷን እንኳ ያለ ፍርሃት አልነበረም የጻፍኳት።

ቢቸና ተመልሼ ሥራዬን አስረከብኩ። ሐምሌ ገብቶ ጥቂት ቀን እንዳለፈ ስልኬ ጠራ። አዲስ አበባ ቢሮ ሆና እኛ የሞላነውን ዳታ የምታጠራ ልጅ ናት። ድምፅዋ የልጅ ነው።

«እትዬ፣ አስተያየት ላይ የጻፉትን አገኘሁት» አለችኝ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «ተቆጣሽ እንዴ፣ እህቴ?»

«እንዲህ ዓይነት ነገር ካገኘን እንድናጠፋ ነው የታዘዝነው። ግን ሰላምታው አሳዘነኝ። እናቴም ሩቅ ናት። በራሴ ስልክ ላኩላት።»

ምርቃት አወረድኩባት። ከእናቷ ማኅፀን እስከ ልጅ ልጆቿ መረቅኳት። እሷ ትስቃለች። «ያቺ ስለ ምንጩ የተባለችው ነገር እንዴት ታምራለች» አለችኝ። ዝም ብዬ ደስ ይለኛል።

«ነይ ስትባል ምን መለሰች?» አልኳት።

«ምን ስትባል?»

«መጨረሻው ላይ። እንዳትፈርሚ፣ ነይ።»

ልጅቱ ቀስ ብላ «እትዬ፣ እንዲህ የሚል የለም» አለችኝ። «‹አንዳች ሐሳብ አይግባሽ› ላይ ነው የሚያበቃው። ሣጥኗ ልክ አላት፤ ከዚያ በላይ ፊደል አትቀበልም። አልነገሯችሁም?»

ነግረውን ይሆናል። አሠልጣኙ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ነበር የሚናገረው። እኔ ምናልባት ያን ጊዜ በሥጋ በሏ ሴት እየሳቅኩ ነበር።

«አሁን ላኪላት» አልኳት። «አንድ ቃል ናት።»

«ቁጥሩን አጥፍቼዋለሁ። ከዳታውም፣ ከስልኬም። ብያዝ ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።» ድምፅዋ መሰበር ጀመረ። «እርስዎ ጋ የለም?»

እኔ ጋ የለም። ፈርሜያለሁ። ቁጥሩ ሞጣ ገጠር፣ ፌስታል ውስጥ ነው። ልጅቱን አጽናናኋት፤ እሷን ሳጽናና ለራሴ የሚሆን አጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ወደ ሞጣ መኪና የለም። በነጋታውም የለም። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቀው ሌላውን ነው። ዝናቡ አያባራም። አንድ ተራ አስከባሪ ስመላለስ አይቶኝ «እሜቴ፣ እዚሁ አልጋ ላንጥፍልሽ?» ይለኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ከመጠይቁ ያነበበችልኝን የእናትየውን ስልክ እደውላለሁ፤ የተቀዳችው ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። የጎረቤቲቱንም ልጅ እንዲሁ። ሰፌዷ ላይ የተቀመጠችው ስልክ በዓይኔ ላይ ትመጣለች። እዚያ ሆነው ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቃሉ፤ እዚህ ሆኜ እኔ እደውላለሁ፤ መሀላችን ያለው ነገር ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሰዎች በእግር የማይደረስ አገር የለም ይላሉ፤ በዚያ ክረምት በዚያ መንገድ በእግር የሚሄድ ግን አልነበረም። ሐምሌ እንዲህ ሆኖ አለቀ።

ነሐሴ ላይ መኪና ተገኘ። ከተጠየቁት ቤቶች ጥቂቱን ዳግም ጠይቀን እንድናረጋግጥ ታዘን ነበር፤ ያቺን ቤት እኔ ነኝ የመረጥኳት። የጾም ጊዜ ነበር። እናትየው ከደጃፍ ተቀምጠው ድምፄን ሲሰሙ ተነሡ። ፊቴን ሳይሆን ድምፄን ነው የተከተሉት፤ ይህን አየሁ።

«ደብዳቤሽ ደርሷል» አሉኝ፣ አፌን ሳልከፍት።

ጎረቤቲቱ የልጇን ትልቅ ስልክ ይዛ መጣች። ከሳምንት በፊት ሞጣ ከተማ ለግማሽ ቀን ኔትወርክ መጥቶ ነበር። በዚያ ግማሽ ቀን አንድ የድምፅ መልእክት ገባ። የጎረቤቲቱ ልጅ ስልኩን ወደ ሠፈር ይዛ ሳትመለስ ኔትወርኩ ሄደ፤ መልእክቱ ግን ስልኩ ውስጥ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩን ለሴቶቹ ትታላቸዋለች። በየቀኑ ያስከፍቱታል። ያን ቀንም ተከፈተ። ዓረብ አገር ያለችው ልጅ በሹክሹክታ ነው የምታወራው፣ ሰው እንዳይሰማት።

«እማዬ፣ ሰላምታሽ ደረሰኝ። ሽንት ቤት ገብቼ በሬን ዘግቼ አነበብኩት። ላሟ ጊደር በመውለዷ ደስ ብሎኛል። ምንጩም ስሜን ይጠይቃል ያልሽው አስለቀሰኝ። ነይ ትይኛለሽ ብዬ እስከ መጨረሻው ፈለግኩ። ደህና ነን አትሳቢ ስላልሽ መልስሽ ይሄ ነው ብዬ ፈረምኩ። ሁለት ዓመት ምንም አይደለም፣ እማዬ። ያልፋል።»

መልእክቱ አለቀ። ጎረቤቲቱ እንዝርቷን አላሽከረከረችም።

«አንቺ ጽፈሽው ነበር አይደል?» አሉኝ እናትየው። «ስታነቢ ሰምቻለሁ።»

ጽፌያለሁ ማለት እችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም። ነገር ግን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሣጥኗ ልክ እንዳላት፣ ሰላምታው እንደሞላት፣ እኔ ከራሴ አንድ ነገር እንደጨመርኩ፣ ያነበብኩላቸውም በቃሌ እንደሆነ። ስናገር አላቋረጡኝም።

«ሰላምታውን እናሳጥር ብለሽኝ ቢሆን እንኳ ከየቱ ነው የማሳጥረው?» አሉ። «ሦስት ዓመት በአካል ያላየኋትን ልጅ እንደምን ሰነበትሽ ሳልል ነይ ልበላት?»

«እኔ የጨመርኳት ባትኖር...» አልኩ።

«ያቺን ነው የወደደቻት፤ አልሰማሽም?» አሉ። ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ነው። ከሁሉ የባሰው እሱ ነበር።

ከዚያ ሥራዬን መሥራት ነበረብኝ። ታብሌቱን አወጣሁ። ስንት ሰው ይኖራል አልኩ። ትንሽ አሰቡና «አንድ በይው» አሉኝ። ባለፉት ሦስት ወራት ኢንተርኔት ተጠቅመዋል አልኩ። «ደብዳቤዬ በምን ሄደ? በዚያው አይደል?» አሉ። «አዎ» ብዬ ሞላሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ኔትወርኩን ለካሁ። የለም።

መጨረሻ ላይ ሣጥኗ መጣች። ልዘልላት ስል እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ።

«ቁጥሩን ጻፊ። ከዚያ ነይ በይ። ሰላምታ አትጻፊ።»

ያቺ ልጅ አዲስ አበባ እንደገና ታየው እንደሆነ፣ ብታየውስ ትደፍር እንደሆነ አላውቅም። የተፈረመ ውል በአንዲት ቃል እንደማይፈርስ፣ የልጅቱም ፓስፖርት በአሠሪዋ እጅ እንዳለ ሦስታችንም እናውቃለን። ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ በየፊደሉ ቀና እያልኩ አየሁ። ቁጥሩ ገባ። ነይ ገባች። ከእሷ በኋላ ሣጥኗ ባዶ ነበረች።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገብቷል፣ እማማ።»

«አሁን አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው።